ሞተሬ ቁልፍ ዘግቼም አልጠፋ አለኝ፤ የካርቦን ማጽጃ ልጨምርበት?

ባለሞተሩ ከአጂፕ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ነገ ንጋት ላይ ዕቃ ጭኜ ሰቃ መድረስ አለብኝ። ሞተሬ ዳገት ላይ ክርክርክር የሚል የብረት ድምፅ ጀምሯል። ጉልበቱም ወርዷል። ዛሬ ደግሞ ቁልፉን ዘግቼው እንኳ ተንተፋትፎ ተንተፋትፎ ነው የጠፋው። ካንዴላውን ስፈታው ከሰል ሆኗል። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር የካርቦን ማጽጃ ገዝቻለሁ፣ የመኪና ነው። ሙሉውን ልገልብጠው? ቶሎ በሉኝ፣ ሌላ የሚገዛ ካለ ሱቁ ሊዘጋ ነው።

የጅሬን ልጅ፦
ወንድሜ፣ ስንት ሲሲ ነው? ካርቡራቶር ነው ኢንጀክሽን? ቤንዚኑንስ ከየት ነው የቀዳኸው? ይሄን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ?

ፈጣኑ፦
ነጭ ጋዝ ቀላቅልበት። ልቅም አድርጎ ያጸዳዋል።

አባ ቡልጉ፦
አሰላሙ አለይኩም። ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ካርቦን ማለት በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ዘይት የሚተወው ጥላሸት ነው። ጀበና ቂጥ ላይ እንደሚጋገረው ማለት ነው። ፒስተኑ አናት ላይና ቫልቩ ላይ ሲከመር ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ቦታ ስለሚይዝ እመቃው፣ ማለት አየርና ቤንዚኑ ውስጥ የሚታመቅበት ግፊት፣ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ራሱ ይግላል፣ እንደ ፍም ይቀላል። ያኔ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ ይቀጣጠላል። ዳገት ላይ የምትሰማው ድምፅ እሱ ነው። ቁልፍ ዘግተህ የማይጠፋውም የጋለው ካርቦን የካንዴላውን ሥራ ስለሚሠራ ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት የእኛ ከተማ ከፍታ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል። ካርቡራቶር፣ ማለት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ይህን አያውቅም፣ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥላሸቱም ይበዛል።

ሀና ከመንደራ፦
አባባ፣ ትምህርቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ልጁ ሱቅ በር ላይ ቆሟል እኮ!

ዕቃ አድራሹ፦
እኔ ካርቦን ነው በሚለው ራሱ አልስማማም። ካንዴላ ጠቆረ ማለት ሞተር ቆሸሸ ማለት አይደለም። ጥቁሩን በጣትህ ዳስሰው። ደረቅና ዱቄት ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፦ ወይ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ ቾኩ ሳይመለስ ቀርቷል። እርጥብና ቅባት ቅባት ካለው ግን ዘይት እየበላ ነው። ይሄን ሳታይ ማጽጃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ፈጣኑ፦
እኛ ስንት ዓመት በነጭ ጋዝ ነው የምንነዳው። ምንም አይሆንም፣ ጨምርበት።

ባለሞተሩ ከአጂፕ፦
150 ነው፣ ካርቡራቶር። ቤንዚኑ የጀሪካን ነው፣ ማደያው ሰልፍ ነበረው። ካንዴላው እርጥብ ነው፣ ቅባት አለው። ዘይት ደግሞ ሳይንጠባጠብ ይቀንሳል፣ እየሞላሁ ነው የምነዳው። ነዳጅ ስሰጠው በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ማጽጃው ይሄን አያስተካክለውም?

መካኒክ ከሄርማታ፦
ወንድሜ፣ አያስተካክለውም። ዘይት ይቀንሳል ያልከው ነው ዋናው ነገር። ነዳጅ ስትሰጠው ሰማያዊ ከጨሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋሻው ነው፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት ማለት ነው። ጠዋት ስታስነሳው ብቻ ጭሶ የሚተው ቢሆን የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ዘይት የሚያግደው ጎማ ነው እልህ ነበር። ማጽጃው የተጋገረውን ሊቀንስ ይችላል። ዘይቱ እየገባ እስከቆየ ድረስ ግን ካርቦኑ ተመልሶ ይጋገራል።

ነጭ ጋዝ በፍጹም። ያንን የዳገት ድምፅ፣ ማንኳኳቱን፣ የሚያብሰው እሱ ራሱ ነው፣ ጥላሸትም ይጨምራል። የጀሪካኑ ቤንዚን ውስጥም ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። አሴቶን የሚሉህም ካሉ አትስማ፣ ጎማና ጓርኒሲዮን፣ ማለት በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ይበላል።

ለነገ መንገድ የምልህ ይሄ ነው። ማጽጃውን ዛሬ አትክፈተው። ብዙ የተጋገረ ካርቦን መንገድ ላይ ተላጦ ቫልቭ ሥር ቢቀረቀር ዕቃህን እንደጫንክ ትቆማለህ። ሰርባቶዮውን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ አራግፍና ከማደያ ቅዳ። ካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ቡሎን በካቻቪቴ ፈታ አድርገህ ያለውን ብርጭቆ ውስጥ አውርደው። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ታየዋለህ። የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በኦሞ እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ትንሽ ዘይት ነክተህ ጨምቀህ መልሰው። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ቀይረው። አዲስ ካንዴላ አስገባበት። ዘይቱን ልኩ ድረስ ሙላ። ጭነቱን ቀንስ። ዳገት ላይ ሳይጨነቅ በፊት ማርሽ ቀንስለት።

አልጠፋ ካለህ ደግሞ አትደንግጥ። ፍሬን ይዘህ፣ ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቀው። ይጠፋል።

ስትመለስ እመቃው ይለካ። ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተነሣ ቫልቭ ነው። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሲወርድ ካርቦኑ በእጅ ይጸዳል፣ ማጽጃ አያስፈልግህም። አንድ አደራ፦ የሚሠራልህ ሰው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይፋቅ። አሉሚኒየም ነው፣ በብረት ከተፋቀ ይቧጨራል።

ዕቃ አድራሹ፦
አላልኩም?

አባ ቡልጉ፦
አላህ ይስጥህ መካኒክ። ከፍታውን ግን አትርሱት።

ሀና ከመንደራ፦
ባለሞተሩ፣ ሰቃ ደረስክ? ዝም አልክ እኮ፣ ሐሳብ ላይ ጣልከን።

ነጂብ ከአጋሮ፦
እኔም ልጠይቅ። የእኔ 125 ነው። ዘይት አይቀንስም፣ አይጨስም። ግን ከተማ ውስጥ ቀስ እያልኩ ብቻ ስለምነዳው ደንዝዟል፣ ሚኒሞም፣ ማለት ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ በደንብ አይዝም። ለእኔስ ማጽጃው ይሆናል?

መካኒክ ከሄርማታ፦
ነጂብ፣ መጀመሪያ ፊልትሮና ካንዴላ። እነሱ ደህና ከሆኑ ላንተ ዓይነቱ ነው የሚሞከረው። ስትገዛ ጠርሙሱ ላይ ፖሊኢተርአሚን የሚል ፈልግ፣ በፈረንጅ ፊደል ባጭሩ ፒኢኤ ተብሎ ይጻፋል። ቫልቭም የፒስተን አናትም ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ቫልቩን ብቻ ነው የሚነኩት።

ልኩን ከጠርሙሱ ላይ አስላ። ለምሳሌ 300 ሚሊ ሊትሩ ለ60 ሊትር ቤንዚን ነው ካለ፣ ለሊትር 5 ሚሊ ነው። 10 ሊትር ከያዝክ 50 ሚሊ ብቻ። በሲሪንጅ ለካ፣ በዓይን አትገምት። ቤንዚኑ ከመሞላቱ በፊት ጨምረው፣ ራሱ ይቀላቀላል። ከዚያ ከከተማ ወጣ ብለህ ሞተሩ እስኪሞቅ ንዳው፣ ቆሞ እየሠራ አያጸዳም። ዘይት መቀየሪያህ ሲደርስ አድርገውና ታንኩ ሲያልቅ ዘይቱን ቀይር፣ ከሚታጠበው የተወሰነው ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ፈጣኑ፦
ነጭ ጋዝ ይሻል ነበር።