አዲስ ጸሐፊን በምን እንመን? (ክርክር)

አስተባባሪዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ሰፈሮች ያለነው በየወሩ በምናዘጋጀው የንባብ ምሽት ሥራውን ማቅረብ የሚፈልግ አዲስ ሰው ሲመጣ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል። ነገሩን ላልተከታተላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በቅርቡ አንዲት ልጅ አጭር ልቦለድ ላከች። ከመካከላችን የሚያውቃት የለም። አንዱ «ይሄ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው» አለ። ከየት እንደተተረጎመ ግን አላሳየም። ሌላው «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው የጻፈው» አለ። ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ ከግሩፑ ወጣች።

አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው፣ አዲስ ሰው ከአባላት መካከል የሚያውቀው ዋስ ይኑረው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ጽሑፉ ራሱ ይዳኝ የሚል ነው። የመሰላችሁን ጻፉ። ስድብ አይፈቀድም።

ከአያት

እኔ ዋስ ይኑር ባይ ነኝ። ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን ወግ በሌላ ሰው ስም ቴሌግራም ላይ ሲዞር አገኘሁት። አርዕስቱን ብቻ ነው የቀየረው። ለቻናሉ ባለቤት ጻፍኩለት፤ ብሎክ አደረገኝ። ይባስ ብሎ አንድ አንባቢ እኔን «ከእሱ ገልብጠህ ነው» አለኝ። ይሄ ያማል።

ጎግል ትራንስሌት በ2008 ዓ.ም. አማርኛን ከጨመረ ወዲህ የሰው ጽሑፍ ወደ አማርኛ መገልበጥ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ። የማናውቀውን ሰው ሥራ በመድረካችን አቅርበን ነገ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የምናፍረው ሁላችንም ነን። አንድ አባል «አውቃታለሁ፣ ስትጽፍ አይቻለሁ» ቢል ምን ችግር አለው?

ከኮዬ ፈጬ

ወንድሜ፣ የደረሰብህ ነገር በጣም ያናድዳል። ግን አንተን የሰረቀህ ሰው ዋስ አጥቶ አይደለም። ብዙ ተከታይ ያለው፣ ሰው የሚያውቀው ቻናል ነው ሥራህን ያወጣለት። መታወቅ ከስርቆት አላዳነህም።

ለመሆኑ ዋስ የሚገኘው የት ነው? የግጥምና የመጽሐፍ ዝግጅት የሚበዛው ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ስታዲየም አካባቢ ነው። የሚጀመረው ከሥራ መውጫ በኋላ ነው። ዝግጅቱ ገና ሲሞቅ እኛ ሰዓት ማየት እንጀምራለን። ከመሸ ወደ ኮዬ ታክሲ ማግኘት ጭንቅ ነው። ራይድ መጥራት ኪስ ያራቁታል። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ከታክሲ ወርደሽ እስከ ብሎክሽ ያለው መንገድ አለ። ስለዚህ ከዝግጅቱ በኋላ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣው፣ ከአዘጋጆች ጋር የሚተዋወቀው፣ በስሙ የሚጠራው ቅርብ የሚኖር ሰው ነው። እኛ ዳር ያለነው ሳንታወቅ እንቀራለን።

እዚህ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ያሰባሰበን ዕጣ ነው። የፊት ለፊት ጎረቤቴን ለማወቅ ራሱ ጊዜ ወስዶብኛል። ልጆቿን አስተኝታ ማታ ማታ ስልኳ ላይ የምትጽፍ ሴት አለች እንበል። ለእሷ ማን «ስትጽፍ አይቻለሁ» ይበልላት? ዋስ ካልን እሷን አናገኛትም። እኔ የምፈልገው ደግሞ በትክክል እሷን ነው። የታወቀውንማ ሁሉም ያገኘዋል።

ከቃሊቲ

ልጆች፣ እኔ ብዙ ዘመን አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም ከጀመረበት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የአንባቢ ግጥምና ደብዳቤ ከየጠቅላይ ግዛቱ በፖስታ ይመጣ ነበር። ላኪውን ማን ያውቀዋል? ዋስ አልነበረም። አዘጋጅ ግን ነበር። ተቀምጦ የሚያነብ፣ የሚያስተካክል፣ የማይሆነውን የሚጥል ሰው። የጎደለን እሱ ይመስለኛል። ልጅቷን «ተርጉመሽ ነው» ያላት ልጅ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቦታል? እጠራጠራለሁ።

ስለ ትርጉምም አንድ ነገር ልበል። መተርጎም ነውር አይደለም። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውርስ ትርጉም፣ ማለትም የሌላ ቋንቋን ሥራ ለአማርኛ አንባቢ እንዲስማማ አድርጎ መመለስ፣ የተከበረ ሥራ ነው። ነውሩ የባለቤቱን ስም መደበቅ ነው።

ከጀሞ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ ልጨምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ (የደራሲው የራሱ ፈጠራ) ከሆነና በጽሑፍ ከሰፈረ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ይሰጠዋል። ምዝገባ አይጠይቅም። የጥራቱን ደረጃም አይመለከትም። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ስለ ኮንዶሚኒየም ሕይወት ቢጽፍ ስርቆት አይባልም። የማስተርጎም መብት የደራሲው ነው፤ መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ደራሲ በብዕር ስም የመጻፍ መብትም አለው። «እውነተኛ ስምሽንና ፎቶሽን አምጪ» ማለት አንችልም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። «ተሰርቋል» ያለ ሰው ከየት እንደተሰረቀ ያሳይ። ካላሳየ ዝም ይበል።

ከአያት

ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን አለ? እሺ ዋሱ ይቅር ካላችሁ ቢያንስ ጽሑፉን ኤአይ መሆን አለመሆኑን በሚለይ ፕሮግራም እናሳልፈው።

ከለገጣፎ

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እንዲህ ያለ መለያ በጥር 2015 ዓ.ም. አውጥቶ ነበር። በራሱ ፈተና ኤአይ ከጻፋቸው 100 ጽሑፎች 26ቱን ብቻ ነው «የኤአይ ሳይሆን አይቀርም» ያለው። ሰው ከጻፋቸው 100 ደግሞ 9ኙን በሐሰት ወንጅሏል። ፈተናው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ነበር፤ በሌላ ቋንቋ ከዚህም እንደሚብስ ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አነሳው። በእንዲህ ያለ መለያ የአማርኛ ጽሑፍ ልንዳኝ ነው?

ስርቆት መፈለግ ከተፈለገ ቀላል መንገድ አለ። ለየት ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዶ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጎግል ላይ መፈለግ። ትርጉም ከተጠረጠረ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ቦታውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ማየት። ካልተገኘ ካልተገኘ ነው።

ከየካ አባዶ

እኔ ልጅነቴን ቅኔ ቤት ነው ያሳለፍኩት። እዚያ ወጥ ሥራ የሚለካበትን መንገድ ልንገራችሁ። ተማሪው ቀን ላይ ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔ አስቦ ለማዘጋጀት፣ ይወጣል። ከዛፍ ሥር ወይ ከቤተ ክርስቲያን ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ያወጣል። በነገራው ሰዓት መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይዞ ነው የሚመጣው። መምህሩ ያቀናለታል፣ ያፈርስበታል፣ «ይህን ለምን እዚህ አደረግከው?» ይለዋል። የተነገረ ቅኔ አይደገምም፤ ነገ ሌላ ማምጣት አለበት። የጓደኛውን ይዞ የመጣ ልጅ ቢያልፍ አንድ ቀን ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ይያዛል። ግን ማንም ከበር ላይ «የማን ልጅ ነህ፣ ዋስህ ማነው?» ብሎ አልመለሰኝም።

ስለዚህ እኛም አዲስ ጸሐፊን እንጠይቅ። ለምን ከዚህ ጀመርሽ? ከታሪኩ ያስወጣሽው ገጸ ባሕርይ ነበር? የመጀመሪያው ረቂቅ ምን ይመስል ነበር? የጻፈ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። አንባቢ አገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ ሥራ ይምጣ። እምነት በሁለተኛውና በሦስተኛው ይመጣል።

ከኮዬ ፈጬ

በዚህ እስማማለሁ፣ ሁለት ነገር ግን ይጨመር። አንደኛ፣ ፊት ለፊት መናገር የሚያስጨንቀው ሰው በጽሑፍ ወይ በድምፅ መልእክት ይመልስ። በጣም ጥሩ የሚጽፉ ዓይን አፋሮች አሉ። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ለነባር አባላትም ይሁን። አዲሷን ብቻ የምንጠይቅ ከሆነ ምርመራ ነው፤ ሁላችንም ከተጠየቅን ግን ውይይት ነው።

ከአያት

ለነባሮችም ከሆነ እሺ፣ ከእኔ ይጀመር። የሚቀጥለውን ወጌን ረቂቁን ጭምር አመጣለሁ። ዋስ የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም። ተሰርቆ የቀረበ ሥራ ከተገኘ ምን እንደምናደርግ እስካሁን ማንም አልነገረኝም።

ከጀሞ

ባለቤቱ ስሙ ተጠርቶ፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ማይክ እርማት ይነገራል። ያቀረበው ሰውም መልስ የመስጠት ዕድል ያገኛል። እኔ የዚህን አሠራር ረቂቅ እስከ ዓርብ ጽፌ እልካለሁ።

አስተባባሪዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እንግዲህ ለሚቀጥለው ወር በዚህ እንሞክረው። ጋሼ ከቃሊቲ፣ የሚመጡትን ሥራዎች ቀድመው ቢያነቡልን ደስ ይለናል። ለልጅቷ የይቅርታ መልእክት ልኬያለሁ፤ ጽሑፏን ለማንበብ አሁንም እንደምንፈልግ ነግሬያታለሁ። ሰዓቱን በተመለከተ የኮዬዋ እህቴ ያለችው ገብቶኛል። ዝግጅቱን ከምሽት ወደ ቅዳሜ 8 ሰዓት እንድናዛውረው ሐሳብ አቀርባለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ያለባችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ።