ምድጃው ሲግል ኮንቬየሩ ይንገጫገጫል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ከጣሪያ በተንጠለጠለ ሐዲድ የሚሄድ ኮንቬየር አለን፤ ሞተሩ ሰንሰለቱን ይጎትታል፣ በሰንሰለቱ መንጠቆዎች የተንጠለጠለው ዕቃ ቀለም ተረጭቶ ምድጃ ይገባል። ጠዋት ደህና ነው። ምድጃው ሲግል ግን ሰንሰለቱ ያዝ ለቀቅ ይላል፣ ዕቃው ይወዛወዛል፣ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ቀለሙ ይላጣል። ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ሰንሰለቱ ላልቶ ይሆናል ብዬ መወጠሪያውን አየሁት፣ ሰንሰለቱን ስቦ የሚወጥረው ክብደት ንቅንቅ አይልም፣ የዛገ ይመስለኛል። ግሪሱም ያሳስበኛል፤ ተራ ግሪስ በዚያ ሙቀት ይደርቃልና ኩሽኔታዎቹ ይያዛሉ። አለቃዬ ፍጥነቱን ቀንስ ይለኛል፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ዕቃው በሰው አናት ላይ ነው የሚያልፈው! ከየትኛው ልጀምር? ውጥረቱ የሚስተካከለውስ ሰንሰለቱ ሞቆ ነው ወይስ ቀዝቅዞ? ሙቀት የሚችል ግሪስ ደሴ ወይም እዚሁ የት እንደሚሸጥ የምታውቁም ጠቁሙኝ።