የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ የቤቴን ትርፍ ቁልፍ አምጪ ማለት ይችላል?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ቤቱ በዕጣ የደረሰኝ ነው፣ የባንኩን ዕዳም በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ሰሞኑን የብሎካችን ኮሚቴ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሁሉም ባለቤት የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ለጥበቃ ያስረክብ፣ ያላስረከበ መዋጮው ላይ ቅጣት ይጨመርበታል ይላል።

ምክንያቱ ውሃ ነው። የጎንደርን ውሃ መቼም ታውቁታላችሁ፣ በፈረቃ ነው፣ ሲጠፋ ይከርምና ሌሊት ሰው በተኛበት ከች ይላል። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰውዬ ቧንቧ ከፍቶ ውሃ ሲያጣ እንደተከፈተ ትቶት ገጠር ሄደ። ውሃው ሌሊት መጣና ከሥሩ ያለችው ጎረቤታችን ፍራሿ፣ ምንጣፏ፣ የዱቄት ጆንያዋ ሳይቀር ራሰ። ያሳዝናል፣ እሱን አልክድም። ግን ጥበቃዎቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ፣ የተሰበሰበው ቁልፍ ደግሞ የቤት ቁጥር ተጽፎበት ጥበቃ ቤቷ ውስጥ ሚስማር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ማንም ያየዋል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። እኔ ሥራ በሄድኩበት ሊቀመንበሩ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥተው ታናሽ እህቴን «ለቁጥጥር ነው» ብለው ገቡ። መታጠቢያ ቤቱን አይተው ቢወጡ ምንም አልልም ነበር። መኝታ ቤት ድረስ ዘልቀው ስንት ሰው ነው የሚያድረው፣ ለጥምቀት እንግዳ ታከራያላችሁ ወይ እያሉ ጠየቋት። ልጅቷ ደንግጣ ነው የደወለችልኝ። ማታ ሄጄ ሳናግራቸው «የምትደብቂው ከሌለ ምን አስፈራሽ?» አሉኝ። አሁን ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ካሜራ ተክለዋል፣ ፊቱ በቀጥታ ወደ በሬ ነው፣ በር በከፈትኩ ቁጥር ሳሎኔ ይታያል። የሚያዩት እሳቸው ናቸው፣ በስልካቸው።

ሕጉን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። መጣላት አልፈልግም፣ ከነሱው ጋር ነው የምኖረው።

የአዘዞው ጸሐፊ፦
እኔ አዘዞ ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፣ ስድቡን ችዬ ነው የምጽፈው። መኝታ ቤት መግባታቸው ነውር ነው፣ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የኮሚቴውንም ጎን እዩት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ውሃ በደረጃ እየወረደ፣ ከታች ያሉት «መብራት ላይ ሊደርስ ነው» እያሉ እየጮሁ፣ አንተ የተቆለፈ በር ፊት ቆመህ ባለቤቱ ስልኩን ዘግቶታል። ግማሹ ባለቤት ውጭ አገር ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ ነው፣ ተከራዩ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰብረህ ብትገባ «በሬን ሰበራችሁ፣ ወርቄ ጠፋ» ይልሃል። ባትሰብር የታችኛው ይከስሃል። ደሞዝ የለን፣ አበል የለን፣ ምስጋናም የለን። ቁልፍ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው እንጂ ሰው ቤት ለማየት ጓጉተን አይደለም።

ቧንቧ ሠሪው፦
ጸሐፊው፣ ቁልፍ ምን ያደርግልሃል? እኔ ሥራዬ ይኼው ነው። መጀመሪያ ቆጣሪዎቹ የት እንዳሉ እዩ። በብዙ ብሎክ ምድር ቤት ወይም ደረጃው አጠገብ አንድ ላይ ነው የተደረደሩት፣ እያንዳንዱ ከጎኑ መዝጊያ አለው። ከሮቶ የሚወርደውም መስመር እንዲሁ መዝጊያ ሊገባለት ይችላል። የቤት ቁጥር በቀለም ይጻፍበት፣ የዛገው ይቀየር። ሌሊት ጎርፍ ሲመጣ ጥበቃው ወርዶ ያንን ቤት ብቻ ይዘጋል፣ አለቀ። ሰው ቤት ማን አስገባው? እኔ እስከማየው ድረስ በሩን ለማስከፈት ሲሯሯጡ ነው ቤቱ ሐይቅ የሚሆነው። እናንተ ግን መዝጊያ ከመግዛት ካሜራ ይቀላችኋል።

ከውጭ መዝጋት የማይቻለው የፍሳሽ መስመር ሲደፈን ነው። እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው፣ ቀጠሮ ተይዞ ባለቤቱ ባለበት ይሠራል።

ሕግ ያጠናው፦
አጠር ላድርገው። ኮንዶሚኒየም የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ማኅበሩ ማለት እናንተው ባለቤቶቹ ናችሁ፣ ኮሚቴው የማኅበሩን ሥራ የሚሠራ ነው። ሥልጣኑ በዋናነት የጋራ በሆነው ላይ ነው፤ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያው፣ የጋራው ቧንቧ። ከበርሽ ወደ ውስጥ ያለው መኖሪያሽ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤት ከመበርበር የተጠበቀ ነው ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 13ም ሕግ ከፈቀደው ውጭ ማንም ያለ ነዋሪው ፈቃድ ሰው ቤት አይገባም ነው የሚለው። በወንጀል ሕጉም ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መግባትን የሚቀጣ አንቀጽ 604 አለ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እህትሽ በሩን ከፍታ ስላስገባቻቸው «ፈቅዳ ነው» ብለው ይከራከራሉ። ስለዚህ እሱን ይዘሽ ፖሊስ ጋ ከመሮጥሽ በፊት ከዛሬ ጀምሮ እኔ በሌለሁበት ማንም እንዳይገባ ብለሽ በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ አስፈርሚ። ከዚያ በኋላ ከገቡ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ቅጣቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ጠይቂ። መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አለ ወይ? ጠቅላላ ጉባኤው ወስኖ በቃለ ጉባኤ ተፈርሟል ወይ? ሁለቱም ከሌሉ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻውን ቅጣት አያስከፍልም። በተቃራኒው ደግሞ ደንቡ ለጥገና አስቀድሞ አሳውቆ መግባትን ፈቅዶ ከሆነ፣ ቀኑን ነግረውሽ ሲመጡ በር መዝጋት አያዋጣሽም።

ካሜራው። ኮሪደሩ የጋራ ስለሆነ መተከሉ ብቻውን ጥፋት አይመስለኝም። ሳሎንሽን ማሳየቱ ግን ሌላ ነው። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሰው ምስል ለታወቀ ዓላማ ካልሆነ በቀር አይሰበሰብም። ለሌባ ከሆነ ወደ ደረጃው ይዙር። ቅጂውን ማን እንደሚያይና መቼ እንደሚጠፋም ይጻፍ። የአንድ ሰው የግል ስልክ ላይ መሆኑ ለሳቸውም አይበጃቸውም።

ተከራይ ነኝ፦
እናንተስ ባለቤት ናችሁ፣ ስብሰባ ትገባላችሁ። እኔ ተከራይዋ ቁልፍ ስጪ ስባል አከራዬ «ስጫቸው፣ አታጣይኝ» አለኝ። የማድረው እኔ ነኝ እኮ! ሌላ ቁልፍ ገዝቼ አስቀየርኩ።

እማማ ቀበሌ አሥራ ስምንት፦
ልጄ፣ ሊቀመንበሩን በሽማግሌ አናግሪያቸው። ሴት ልጅ ብቻዋን ባለችበት ቤት ሦስት ወንድ ሆኖ መግባት በጎንደር ደንብ አይደለም፣ ይህን ሕግ ሳይጠቀስ እሳቸውም ያውቁታል። በሕግ ከጀመርሽው ይጠነክራሉ። በሚስታቸው በኩል ሞክሪ።

የአዘዞው ጸሐፊ፦
እማማ ልክ ናቸው፣ ሚስትየው ካለችበት ግማሹ አልቋል። የጥምቀቱን ነገር ግን ቀለል አታድርጉት። በጥር ወር አንድ ክፍል ውስጥ የማይታወቅ ሰው ሞልቶ ያድራል፣ ውሃውም ያልቃል፣ በሩም ሌሊቱን ሙሉ ይከፈታል ይዘጋል። ኮሚቴው የሚጠየቀው ያኔ ነው።

ሕግ ያጠናው፦
እንግዳ መጣ ብሎ አልጋ መቁጠር ግን የኮሚቴ ሥራ አይደለም። የኪራይ ውል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት መንግሥት የሰየመው አካል ዘንድ ይመዘገባል። ኮሚቴው ጩኸት ወይም የውሃ ብክነት ካለ እሱን ይዞ ይናገር።

የማራኪዋ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ዛሬ ወርጄ አየሁት፣ ቆጣሪዎቹ እውነትም ምድር ቤት ናቸው፣ መዝጊያ አላቸው፣ ሁለቱ ግን አይዞሩም። ቧንቧ ሠሪው፣ መቀየር ይቻላል አይደል? ቅዳሜ ስብሰባ ጠርተዋል። ቁልፌን እዚያው ብሎክ ላለች ለማምናት ጎረቤት ሰጥቼ የሷን ስልክ ለኮሚቴው ላስመዘግብ አስቤያለሁ፣ አደጋ ሲደርስ እሷ ባለችበት ብቻ ይከፈት። አንድ ችግር አለ፣ ደንቡን ስጠይቅ «ቅጂ የለንም» አሉኝ።

ቧንቧ ሠሪው፦
ይቻላል። ለሁለቱ ብለሽ ሠሪ ከምትጠሪ የብሎኩን በሙሉ አንድ ቀን አሠሩት፣ ዋናው መስመር አንዴ ብቻ ነው የሚዘጋው። ውሃ በማይመጣበት ቀን ይሁን።

ሕግ ያጠናው፦
የጎረቤቷ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዲገባ አድርጊ። ደንቡ ደግሞ ማኅበሩ ሲመዘገብ የቀረበ ሰነድ ስለሆነ መዝጋቢው ቢሮ ጠይቂ። በቃል አይሁን፣ ማመልከቻ ጽፈሽ የገቢ ቁጥር አስመቺበት። ከቅዳሜ በፊት ባይደርስልሽም ማመልከቻውን ይዘሽ ግቢ፣ ደንቡ ሳይነበብ ቅጣት ላይ ድምፅ አይሰጥ በይ።