የቁልቋል በር ምሽግ አመዘጋገብ

ጥያቄ፦ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ውጊያ የተደረገበትን፣ በጎንደር አካባቢ ያለውን የቁልቋል በር የጣሊያን ምሽግ እየመዘገብን ነው። የጂፒኤሱ ነጥብ ካርታው ላይ ሌላ ቦታ ይወድቃል፤ ለምን? ምሽጉስ ከእርሻ እርከን በምን ይለያል?

መልስ 1፦ የድሮው 1፡50,000 ካርታ በአዲንዳን፣ ማለትም በቀድሞው የካርታ መነሻ ልኬት፣ ነው የተሠራው። ጂፒኤሱ በራሱ መነሻ ልኬት በደብሊውጂኤስ 84 ከተተወ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። የዩቲኤም (በሜትር የሚለካው የካርታ መረብ) ዞኑ 37 ሰሜን ነው።

መልስ 2፦ እርከን የተራራውን ወገብ ይዞ በእኩል ከፍታ ይሄዳል። የተኩስ ቦይ ግን ይጠማዘዛል፤ ካቡም ጠላት በሚመጣበት በኩል ነው። ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ በተለይ የሚያይበትን አቅጣጫ ጻፉ፤ ያለ አቅጣጫ ልኬቱ ብዙም አይናገርም። ቀለህ ስታገኙ የቂጡን ጽሑፍ ፎቶ አንሱና እዚያው ተዉት። 6.5 ሚሊሜትር ጥይት በአብዛኛው የጣሊያን፣ 7.7 የእንግሊዝ ነው።

መልስ 3፦ እባካችሁ ሣሩ ሳይደርቅ አትግቡ፣ ከጥር በኋላ ይሻላል። ያልፈነዳ ነገር ካያችሁ ሳትነኩ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ለፖሊስ አመልክቱ።