በሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልጀምር ነው፦ የፕሌስመንት ፈተና፣ የአገር ቤት ትራንስክሪፕትና ነርሲንግ

ጥያቄ | ማኅደር

ሰላም ለሁላችሁ። በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው የምኖረው፤ 5 ወር ሆኖኛል። ዕድሜዬ 26 ነው፣ አላገባሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 2 ዓመት አካውንቲንግ ተምሬ ሳልመረቅ አቋርጫለሁ። አሁን ማታ እየሠራሁ ኮሌጅ ገብቼ ነርስ መሆን ነው የምፈልገው። ጥያቄዎቼ፦ የፕሌስመንት ፈተናው (ከየትኛው ደረጃ ክላስ እንደምጀምር የሚወስነው) ምን ዓይነት ነው፣ እንዴትስ ልዘጋጅ? ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ክላስ) ውስጥ ቢጥሉኝ ልቀበል ወይስ ልከራከር? የአገር ቤት ትራንስክሪፕቴን አሁኑኑ ከፍዬ ላስገምግም? ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌደራል የትምህርት ዕርዳታስ አገኛለሁ?

መልስ | ባለ ፈተና ክፍል

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ቅደም ተከተሉን አስተካክዪ፤ መጀመሪያ አድቫይዘር (የኮሌጁ የትምህርት አማካሪ)፣ ቀጥሎ ፈተና። ብዙ ሰው ማመልከቻውን በሞላበት ቀን ፈተና ክፍል ይገባል። የትኛው የሒሳብ ክፍል እንደሚያስፈልግሽ የሚወስነው ግን የመረጥሽው ፕሮግራም ነው። ለኢንጂነሪንግ ካልኩለስ ድረስ መውጣት አለ፤ ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ግን ስታቲስቲክስ ወይም ተመጣጣኙ ይበቃቸዋል። ደግሞም አንዳንድ ኮሌጅ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን ወይም የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ሒሳብሽን አይቶ ከፈተናው ነፃ ያደርግሻል። ስለዚህ አድቫይዘሩ ጋ ስትሄጂ ያለሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፣ ፎቶ ኮፒም ቢሆን።

ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙት አኩፕሌሰር የሚባለውን የፕሌስመንት ፈተና ነው። በኮምፒውተር ይሰጣል፣ የሰዓት ገደብ የለውም። ሒሳቡ ሦስት ደረጃ አለው፦ አሪትሜቲክ፣ ከዚያ አልጀብራና ስታቲስቲክስ የተቀላቀለበት፣ ከዚያ ከፍተኛው አልጀብራ። እያንዳንዱ 20 ጥያቄ ነው። ሪዲንግ 20፣ ራይቲንግ 25። ውጤቱ ከ200 እስከ 300 ነው። ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የተዘጋጀው የኢኤስኤል ፈተና ግን ሌላ ነው፤ ክፍሎቹ 20 ጥያቄ ኖሯቸው ከ20 እስከ 120 ይቆጠራሉ። የሁለቱን ውጤት እያነጻጸራችሁ አትደንግጡ፣ መለኪያው አንድ አይደለም።

ፈተናው በመልስሽ ላይ ተመሥርቶ ቀጣዩን ጥያቄ ይመርጣል። በትክክል ስትመልሺ ይከብዳል፣ ስትሳሳቺ ይቀላል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ መዝለልም የለም። አገር ቤት የለመድነው «የሚከብደውን ዝለል፣ በኋላ ተመለስበት» እዚህ አይሠራም። የሰዓት ገደብ ስለሌለ አንዱን ጥያቄ ጨርሰሽ፣ አረጋግጠሽ፣ ከዚያ ተጫኚ። ሥራ ውለሽ ወይም አድረሽ ደክሞሽ አትግቢ፤ ብዙው ነጥብ የሚባክነው በድካም ነው።

የራስሽን ካልኩሌተር አያስገቡልሽም፤ በአንዳንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ክፍልፋይና ፐርሰንት በእጅ መሥራት ልመጂ። ለምሳሌ 80 ዶላር የሆነ ዕቃ መጀመሪያ 25 ከመቶ፣ ከዚያ በቀረው ላይ 10 ከመቶ ቢቀንስ ስንት ይሆናል? 35 ከመቶ ቀንሶ 52 የሚል ብዙ ነው። መልሱ 54 ነው፤ 80 ወደ 60 ይወርዳል፣ የ60 አሥር ከመቶ 6 ነው። የአገር ቤት ተማሪ ስሌቱ አይከብደውም፤ የሚጥለው የእንግሊዝኛው አነጋገር ነው። «ፋይቭ ለስ ዛን ኤክስ» ሲባል ኤክስ ሲቀነስ 5 ማለት ነው፣ 5 ሲቀነስ ኤክስ አይደለም። የፈተናው አዘጋጅ ኮሌጅ ቦርድ የሚያወጣውን ነፃ የአኩፕሌሰር መለማመጃ ከመግባትሽ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ሥሪበት። ፈተናውን መድገም ይቻል እንደሆነ፣ ስንት ጊዜና በምን ያህል ልዩነት እንደሆነ ፈተና ክፍሉን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ደንቡ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል።

መልስ | ትርሲት ዘ ሮክቪል

ኢኤስኤልን በተመለከተ፦ ቢሰጡሽ ተቀበዪ እላለሁ። ነርሲንግ ንባቡ ከባድ ነው። አናቶሚ ክላስ ውስጥ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ወይም ከዚያ በላይ ይነበባል፤ ፈተናው ደግሞ «ከሁሉም የሚሻለው የቱ ነው» እያለ አራት ትክክል የሚመስሉ ምርጫዎች ያቀርባል። እንግሊዝኛሽ ሳይጠና ከዘለልሽው ሲ ማምጣት አቅቶሽ ትደግሚያለሽ፤ ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ደግሞ የሳይንስ ክላስ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚቻል ይገድባሉ።

መልስ | ባለ ክሬዲት

ትርሲት ባለችው በከፊል እስማማለሁ። ጥያቄው ግን ኢኤስኤል «ልውሰድ ወይስ አልውሰድ» ብቻ ሳይሆን «የትኛውን» ነው። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሊኖር ይችላል። አንዱ ክሬዲት ያለው አካዳሚክ ኢኤስኤል ነው፣ በተመዘገብሽበት ፕሮግራም ሥር ይታያል፣ ፔል ሊሸፍነው ይችላል። ሌላው ክሬዲት የሌለው፣ ለአዋቂዎች የሚሰጥ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚወሰድ ነው፤ ለዚህኛው ፔል የለም። እንግሊዝኛሽ ገና ጀማሪ ደረጃ ከሆነ ክሬዲት በሌለው ጀምሪ፣ የፔልሽን ጊዜ አታባክኚ። ፔል በሕይወት ዘመን የሚሰጠው ከ12 ሙሉ ሴሚስተር ጋር የሚስተካከል ብቻ ነው፤ ኢኤስኤል ላይ ሦስት አራት ሴሚስተር ከበላሽ ከዚያ በኋላ ወደ ባችለር ስትሻገሪ ያጥርሻል። ለኮሌጅ ሁለት ሦስት ደረጃ ብቻ የቀረሽ ከሆነ ግን ክሬዲት ያለውን ውሰጂ።

ደግሞ ውጤቱ ከምትችዪው በጣም ወርዶ ከመጣ መከራከር ነውር አይደለም። የኢኤስኤል ክፍሉን ኃላፊ አግኝተሽ የጽሑፍ ናሙና እንዲያዩልሽ ጠይቂ። በተለይ የጽሑፍ ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚታረም፣ አጭር ጽሑፍ ያቀረበ ሰው ዝቅ ብሎ ይወጣል። አንድ አንቀጽ ጽፈሽ አትውጪ፤ መግቢያ፣ ቢያንስ ሁለት ማብራሪያ አንቀጽ ከምሳሌ ጋር፣ መደምደሚያ ይኑረው።

ጥያቄ | ማኅደር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የትራንስክሪፕቱና የፔሉስ ጉዳይ?

መልስ | ባለ ክሬዲት

ትራንስክሪፕት ሁለት ሥራ አለው፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። አንደኛው 12ኛ መጨረስሽን ማሳየት ነው። ለዚህ በአብዛኛው የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ራሱ ይበቃል። ሁለተኛው ክሬዲት ማዛወር ነው፤ ለዚህ እያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው የሚመዘንበት የውጭ ትምህርት ግምገማ ያስፈልጋል። ዋጋው የትምህርት ደረጃሽን በጠቅላላው ብቻ ከሚያሳየው ግምገማ ይበልጣል። ከመክፈልሽ በፊት ኮሌጁ የማንን ግምገማ እንደሚቀበል ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ናሴስ የሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበር አባል የሆኑ ድርጅቶችን ብቻ ይቀበላሉ፣ ደብሊው-ኢ-ኤስ አንዱ ነው።

ለአንቺ ግን ችኮላው አይታየኝም። አካውንቲንግ ላይ የወሰድሽው ለነርሲንግ ብዙ አይጠቅምም። ሊጠቅምሽ የሚችለው ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ሶሺዮሎጂ ካለበት ነው። ሁሉንም ማዛወር ደግሞ ጉዳት ሊኖረው ይችላል፦ ኮሌጁ የተቀበለው ክሬዲት በዕርዳታ ደንቡ እንደ ተሞከረ ሊቆጠር ይችላል። 60 ክሬዲት ለሚፈልግ ዲግሪ የዕርዳታው ጣሪያ 150 ከመቶ፣ ማለትም 90 የተሞከረ ክሬዲት ነው። 40 የማይጠቅምሽ ክሬዲት አስገብተሽ ከተቆጠረብሽ የሚቀርሽ 50 ብቻ ነው። ስለዚህ የኮርሶቹን ዝርዝር ለአድቫይዘሩ አሳይተሽ የትኛው ለፕሮግራሙ እንደሚቆጠር ለዪ፣ ከዚያ ወስኚ።

መልስ | የፋፍሳ ጠረጴዛ

ፔል፦ ግሪን ካርድ ስላለሽ ትችያለሽ። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ወይም ገና ውሳኔ ያላገኘ የጥገኝነት ማመልከቻ ያላቸው ለፌደራል ዕርዳታ አይበቁም፤ ጥገኝነት የተሰጣቸውና በስደተኝነት (ሪፊውጂ) የገቡ ግን ይበቃሉ። 24 ዓመት ስላለፈሽ ገለልተኛ ተማሪ ነሽ፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ለ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። እሱም ለ12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ ነው፤ 6 ክሬዲት ከወሰድሽ ግማሹ፣ 7 ከሆነ 58 ከመቶው ይደርስሻል። የሚቆጠረው ደግሞ ለፕሮግራምሽ የሚያስፈልግ ክላስ ብቻ ነው፤ ዲግሪ እንደምትከታተዪ ተመዝገቢ።

ሁለት ነገር ፋፍሳን (ለፔልና ለሌላው የፌደራል ዕርዳታ የሚሞላውን ማመልከቻ) ያሰናክላል። የመጀመሪያው ስም ነው፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽ ላይ የሠፈረውን በዚያው አጻጻፍ ጻፊ። የአባት ስም ወይም የአያት ስም እንደ ፋሚሊ ኔም መግባቱን፣ «ኤፍ-ኤን-ዩ» (የመጀመሪያ ስም አይታወቅም ማለት ነው) መኖሩንም አይተሽ እንደዚያው አድርጊ፤ የልደት ቀንሽም እንደ ግሪን ካርድሽ እንጂ እንደ አገር ቤት አቆጣጠር አይሁን። ሁለተኛው የአገር ቤት ማስረጃ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። 2010 ዓ.ም. ያለው ወረቀት ከእዚህ 2017 ወይም 2018 ጋር ይመጣጠናል፤ ማኅተሙ አጠገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ለኮሌጁ በጽሑፍ አስረጂ።

ለነዋሪ የሚሆነውን የትምህርት ክፍያ (ቱሽን) አትርሺ። በሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ነዋሪ ለመባል 3 ወር ያስፈልጋል፣ አልፈሻል። የኪራይ ውል ወይም የባንክ ደብዳቤ በስምሽ ይኑርሽ። ቨርጂንያ ብትዛወሪ ግን ደንቡ 12 ወር ነው።

ጥያቄ | ባለ ዲግሪው

እኔ አገር ቤት ባችለር ዲግሪ አለኝ፣ ፔል አገኛለሁ?

መልስ | የፋፍሳ ጠረጴዛ

የለም፣ ወንድሜ። የውጭ አገር ባችለርም ባችለር ነው፤ ፔል የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌላቸው ነው። ብድር ልታገኝ ትችላለህ። ዲግሪውን ደብቆ መሙላት ደግሞ በኋላ ገንዘቡን ያስመልሳል፤ አታድርገው።

መልስ | ባለ ነርሲንግ

ማኅደር፣ ነርሲንግ መግባት ኮሌጅ ከመግባት የተለየ ነው። ኮሌጁ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የነርሲንግ ፕሮግራሙ ግን ውስን ወንበር አለው፣ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። መጀመሪያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂና የሒሳብ ክላስ ትጨርሻለሽ፤ ላብ ያላቸው ሳይንሶች አብዛኛውን ጊዜ 4 ክሬዲት ናቸው። ብዙ ቦታ ቲስ የሚባለውን የነርሲንግ መግቢያ ፈተናም ይጠይቃል፦ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ፤ 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ። አንዳንዱ ኮሌጅ በቲስ ፋንታ ሌላ ፈተና ይጠቀማል። የሳይንስ ክላስሽ ስንት ዓመት ድረስ እንደሚቆጠርም ጠይቂ፤ ያረጀ ውጤት የማይቀበሉ አሉ።

ማታ ስለምትሠሪ በአንድ ሴሚስተር አናቶሚና ሌላ ላብ ያለው ክላስ አንድ ላይ አትውሰጂ። አንድ ሳይንስና አንድ ቀላል ክላስ ይበቃሽ።

እስከዚያ ሥራ ከፈለግሽ የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ትምህርት አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ለመሥራት የትኛው ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ አስቀድመሽ ጠይቂ። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ክሬዲት የለውም፤ ለዲግሪሽ አይቆጠርም፣ የሆስፒታል ቋንቋ ግን ያስለምድሻል።

ጥያቄ | ማኅደር

ክላስ ቢከብደኝ ልተወው እችላለሁ? የምኖረው ወንድሜ ጋ ነው፣ እሱ አድቫይዘሩን ሊያናግርልኝ ይችላል?

መልስ | የፋፍሳ ጠረጴዛ

መተው ትችያለሽ፣ ግን ቀኑን እወቂ። ክላስ መተው በሚፈቀድበት በመጀመሪያው ጊዜ ከወጣሽ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ ደብሊው (ክላሱን ማቋረጥሽን የሚያሳይ ምልክት) ይሆናል፤ ከኤፍ ይሻላል፣ ነገር ግን የሞከርሽው ውስጥ ይቆጠራል። ኮሌጆች በብዛት የሚጠይቁት ከሞከርሽው 67 ከመቶ እንድትጨርሺና ጂፒኤሽ 2.0 እንዲሆን ነው። 12 ክሬዲት ወስደሽ ሁለት ባለ 3 ክላስ ብትተዪ 50 ከመቶ ሆነሽ ማስጠንቀቂያ ይመጣብሻል። ሁሉንም ክላስ ከሴሚስተሩ 60 ከመቶ በፊት ካቋረጥሽ ደግሞ ከፔሉ የተወሰነውን መመለስ አለ፤ ኮሌጁ ሒሳቡን በአንቺ ላይ ሊጥለው ይችላል። ሳይነገር መጥፋት ከሁሉ የከፋ ነው።

ወንድምሽ ሊያናግርልሽ አይችልም። በሕጉ ያንቺ ሪከርድ ያንቺ ብቻ ነው፤ በጽሑፍ ፈቃድ ከሰጠሽ በቀር ለማንም አይናገሩም። ግን አብሮሽ ቁጭ ብሎ ሊያስተረጉምልሽ ይችላል። ከመሄድሽ በፊት ጥያቄዎችሽን ጽፈሽ ያዢ፤ አድቫይዘሩ የነገረሽን በኢሜይል እንዲልክልሽ ጠይቂ፣ ሰው ሲቀየር ወረቀት ያስፈልጋል።

መልስ | ትርሲት ዘ ሮክቪል

በኮሌጁ የካሪየር ሴንተር (ሥራ ፍለጋ ላይ የሚያግዝ ክፍል) ሪዙሜሽንም፣ ማለት ሲቪሽን፣ አሳዪ፣ በነፃ ነው። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ ይውጣ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀን ስትጽፊ ወር ቀድሞ ቀን ይከተላል፤ 03/04 እዚህ ማርች 4 ነው።