ጥቆማ፦ ፊርማ ያለበትን የስፖርተኛ ፎቶ አዲስ አበባ ላይ ማን ይመረምርልኛል?

ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ የሻምበል አበበ ቢቂላ ፎቶ አገኘሁ። ጥጉ ላይ ፊርማ አለ፣ ጀርባው ላይ «1953» ተጽፏል። ቸርችል ጎዳና አካባቢ አንድ ሱቅ «1,500 ብር ክፈልና ትክክለኛ ነው የሚል ሰርተፊኬት ላውጣልህ» አለኝ። ልክፈል? ሌላ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።

— ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ብርህን አታውጣ። ሰርተፊኬቱ ላይ የሚያርፈው የራሱ የሱቁ ማህተም ነው፤ ማህተም ደግሞ እዚህ ከተማ በአንድ ቀን ይቀረጻል። እኔም ተበልቻለሁ። ስታዲየም አካባቢ ከአንድ ሻጭ የታወቀ ሯጭ ፊርማ ያለበት ፎቶ ገዛሁ፤ ሰርተፊኬቱ ወርቃማ ጠርዝ፣ ክብ ማህተም፣ ምን የሌለው አለ! አንድ ቀን ወርቅ ሠሪ ጎረቤቴ ጋ ቡና ስንጠጣ ማጉያውን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ፊርማውን አየሁት። የብዕር መስመር ይመስለኝ የነበረው ሮዝ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኖ ተበተነ። የፕሪንተር ሥራ! ብዕር ቢሆን ቀለሙ ተያይዞ ይሄዳል፤ እስክሪብቶ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ጎድጎድ አድርጎት ያልፋል። ጎረቤቴ «ወርቅ ቢሆን ቀድሜ እነግርህ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጉያ። ቀጥሎ የብዕሩን ዓይነት እይ። «ሮም ላይ የተፈረመ» እየተባለ በሻርፒ (በወፍራም ማርከር) የተጻፈ ፊርማ ቢያሳዩህ ጥለህ ሂድ፤ ሻርፒ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፣ የሮም ኦሎምፒክ ደግሞ 1960።

— ውልና ማስረጃ ለምን አይወስደውም? ፊርማ ማረጋገጥ ሥራቸው አይደል?

— እነሱ የሚያረጋግጡት ፊታቸው የተፈረመውን ነው። ግን ጥሩ ነገር አነሳህ፤ የውጭ አገር ፊርማ አረጋጋጮችም የሚለዩት በዚሁ ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለው አሠራር እንደ ውልና ማስረጃ ነው፦ ምስክር ሆኖ የቆመ ሰው ሲፈረም ያያል፣ ቁጥር ያለው ሆሎግራም ይለጥፋል። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት የሚባሉት የአሜሪካ ፊርማ መርማሪ ድርጅቶች ግን የድሮ ፊርማ ሲቀርብላቸው እጃቸው ካለው ናሙና ጋር አስተያይተው ሐሳብ ነው የሚሰጡት። የሠለጠነ ዓይን ነው፣ የዓይን ምስክር ግን አይደለም። ሆሎግራምና ሰርተፊኬትም ብቻውን አያስተማምንም፤ ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ባለው ዘመቻ የያዛቸው ሰዎች ከፊርማው ጋር ሰርተፊኬቱንም ይፈበርኩ ነበር። የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለበት ቤዝቦል ሳይቀር ተገኝቷል።

ከሦስቱ ምረጥ ካልከኝ፣ ዕቃውን ውጭ አገር ልትሸጥ ካልሆነ አንዳቸውንም አልመክርህም። በፎቶ ብቻ አይተው «ይመስላል፣ አይመስልም» የሚሉበት ርካሽ አገልግሎት አለ፣ ሰርተፊኬት ግን አይደለም። ለሰርተፊኬቱ ዋናው ፎቶ መላክ አለበት፤ የዶላር ክፍያው፣ የኢኤምኤሱ ዋጋ፣ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ከዚያም ያንተ «1953» አለ። እዚያ ያለው መርማሪ «ከሮም 7 ዓመት በፊት!» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ሻምበል አበበ ያሸነፉት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። 1953 ማለት ገና ወሬው ሳይበርድ ማለት ነው። ብትልክ እንኳ የዘመን አቆጣጠሩን በግልጽ ጽፈህ አያይዝ።

አንድ ጥያቄ፦ ፊርማው በአማርኛ ነው ወይስ በላቲን?

— በአማርኛ፣ በሰማያዊ ብዕር። ፎቶው ላይ ሩጫውን ሲጨርሱ ነው።

— እንግዲያውስ ፊደሉን ስትጽፍ ያደገች እጅ ትሻላለች። «ቢ»ን ከየት ጀምረን የት እንደምንጨርስ ቀድቶ የሚጽፍ ሰው አያውቀውም፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ መሀል ላይ ቆም ይላል። ለማወዳደር ግን የዚያው ዘመን ናሙና ፈልግ። ሻምበል በእኛ አቆጣጠር በ1961 የመኪና አደጋ ደርሶባቸዋል፣ ያረፉት በ1966 ነው፤ ከአደጋው በፊትና በኋላ የተፈረመው አንድ ላይመስል ይችላል።

ፎቶው ራሱ የመቼ እንደሆነ ለማየት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሂድና የመስከረም 1953 አዲስ ዘመን ጋዜጦችን ጠይቅ። የፖሊስ ፎረንሲክ ምርመራ ያልከኝ እንደሆነ፣ ክርክር ተነስቶ ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው እንጂ ፎቶ ይዘህ ሰተት ብለህ የምትገባበት አይደለም።

— አባቴ ፎቶውን ከማን እንደተቀበለ እናቴ ታውቃለች። ክቡር ዘበኛ የነበረ ዘመድ ነው ትላለች።

— ይሄን መጀመሪያ አትነግረንም ኖሯል! በል ዛሬውኑ ቁጭ ብለህ ስማቸው፤ ማን ሰጠው፣ መቼ፣ ማን አብሮ ነበር፣ ሁሉንም። ከዚያ በቃለ መሐላ አስጽፈህ ውልና ማስረጃ ይዘሃቸው ሂድ። እናትህ እነሱ ፊት ስለሚፈርሙ ፊርማቸውን ያረጋግጡልሃል።