«በፈጣሪ ስም» ይባል ወይስ ይቅር? የሰልፍ ላይ ቃል ክርክር ከድሬ

የሳቢያን አባት፦
ሰላም የድሬ ሰዎች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ለሰንደቅ ዓላማ ቀን በሰልፍ የሚሉት ቃል ተሰጥቷቸው እየተለማመዱ ነው። «በፈጣሪ ስም ለአገሬና ለሰንደቅ ዓላማዬ ታማኝ እንደምሆን ቃል እገባለሁ» ይላል። ከበላይ የመጣ አይደለም፣ እዚያው የተጻፈ ነው።

ትናንት ደብተሯን ሳይ «ፈጣሪ» በእርሳስ ተሰርዞ «እግዚአብሔር» ተብሏል። ማን ሰረዘው ስላት፣ «መምህሩ ቤታችሁ እንደምትሉት በሉ ብሎናል» አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ልጅ «አላህ» ብላ ጽፋለች። ልምምድ ላይ እዚያች ቦታ ሲደርሱ በማይኩ የሚሰማው «በእግ… በአላ… በፈጣ…» ነው አሉ። «ስም» ላይ ሲደርሱ እንደገና ይገናኛሉ። በጣም ሳቅሁ።

ከዚያ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። አንዲት ልጅ ጭራሽ አፏን አትከፍትም። ቤተሰቦቿ መማል አይፈቅዱም። መምህሩ ከሰልፉ አውጥቶ ከባንዲራው ዘንግ ሥር ለብቻዋ አቁሟታል። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም። ምን ትላላችሁ?

የከዚራዋ፦
ይሄ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ድሬ ውስጥ ፈጣሪን የማያውቅ ማን አለ? ከአዛን ቢያመልጥህ ቅዳሴ ይቀሰቅስሃል። «ፈጣሪ» ደግሞ የአንዱ ወገን ስም አይደለም፣ የሁላችንም ነው። አሜሪካኖቹ እንኳ ልጆቻቸውን በየጠዋቱ «ከእግዚአብሔር በታች ያለች አንዲት አገር» እያስባሉ ነው የሚያሳድጉት። በፈጣሪ ስም ቃል የገባ ልጅ ቢያንስ ይፈራል።

ሕግ አራተኛ ዓመት፦
አሜሪካንን ካነሳሽ አይቀር እስከ ታች እንውረድ። የባንዲራ ቃላቸው በ1892 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሲጻፍ እግዚአብሔር የሚል አልነበረበትም። የጻፈው ደግሞ ፍራንሲስ ቤላሚ የሚባል የባፕቲስት ቄስ ነው! ቄሱ ያላስገባውን ፖለቲከኞቹ በ1954 አስገቡት። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ «እኛ እንደ ሶቪየቶቹ ፈጣሪ የለሽ አይደለንም» ለማለት ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት በባንዲራ ቀናቸው፣ ጁን 14 ነው።

ደግሞ እነሱ ጋ ማስገደድ አይቻልም። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በይሖዋ ምስክሮች ልጆች ጉዳይ «ለባንዲራ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነው» ብሎ ነበር፣ 8 ለ1። ከሦስት ዓመት በኋላ ራሱን ሻረ፣ 6 ለ3። ያም የተነበበው ጁን 14 ነው። በ2004 ደግሞ ፈጣሪ የለም የሚል አንድ አባት በሴት ልጁ ምክንያት ከስሶ እዚያው ፍርድ ቤት ደረሰ። «በልጅቷ ጉዳይ የመጨረሻው ወሳኝ እናቷ ናት፣ አንተ መክሰስ አትችልም» ብለው ዋናውን ጥያቄ ሳይነኩ ሸኙት። እሱም ጁን 14።

ባጃጅ ነኝ፦
አቦ ጁን 14 ቀን ፍርድ ቤት አልሄድም በቃ።

የመጋላ ልጅ፦
የከዚራዋ፣ እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ «ፈጣሪ» በመባሉ አልከፋም። የኔ ችግር ሌላ ነው። እኛ ጋ ከአላህ ውጭ በሌላ አይማልም። በአላህ ስም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። መሐላ ያፈረሰ ሰው ከፋራ አለበት፤ አሥር ምስኪን ያበላል ወይም ያለብሳል፣ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። የ12 ዓመት ልጅ ላይ ይህን ለምን ትጭኑበታላችሁ? ጠዋት በሰልፍ ማለ፣ ከሰዓት ክፍል ፎረፈ። ከዚያስ?

የከዚራዋ፦
አንተ ደግሞ! ሱቅህ ውስጥ በቀን ስንቴ ነው «ወላሂ» የምትለው?

የመጋላ ልጅ፦
ተያዝኩ። ግን አንቺስ ባለፈው «ወላሂ በዚህ ዋጋ አልገዛም» ብለሽኝ አልሄድሽም? ከዚያ ተመልሰሽ ገዛሽ።

ባጃጅ ነኝ፦
እኔ ሂጃብ የለበሰች እናት «ቁልቢን!» እያለች ሂሳብ ተከራክራኛለች። ድሬ ላይ መሐላ ቀረጥ የለውም።

የገንደ ቆሬዋ፦
ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኔን የከነከነኝ ግን ዘንግ ሥር የቆመችው ልጅ ናት። እኔ ጴንጤ ነኝ። ማቴዎስ 5 ላይ «ከቶ አትማሉ» የሚለውን ቃል በቃል የሚይዙ ሰዎች አውቃለሁ። የከዚራዋ፣ አንቺ «ፈጣሪ» ሲባል የሚከፋው የማያምን ብቻ መስሎሻል። ይቺ ልጅ እኮ ዝም ያለችው ስለምታምን ነው!

በደርግ ጊዜ ጴንጤዎች ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አናሰማም ብለው ታስረዋል። መፈክሩ ውስጥ ፈጣሪ አልነበረም። እናቴ ስታወራው አሁንም ድምጿ ይቀንሳል። ለብቻ መቆም ምን እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች።

ጋሼ ባቡር፦
ልጆቼ፣ እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ መዝሙራችን «በአምላክሽ ኃይል በንጉሥሽ» ይል ነበር። አብሮኝ የሚቀመጥ ሙስሊም ጓደኛ ነበረኝ። ድምፁ ያማረ ስለነበር ከሁላችን በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። አንድ ቀን «ቅር አይልህም?» አልኩት። «አምላክስ ይጠራ፤ እኔን ቅር የሚለኝ አረፋ ዕለት ትምህርት መኖሩ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሃይማኖት ኦርቶዶክስ ነው። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ይባል ነበር። ይባል ነበር ነው የምላችሁ። ሚያዝያ 1966 ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ እኩልነት ጠየቁ። በዓላቶቻቸው ብሔራዊ የሆኑት ደርግ ከመጣ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ መዝሙሩ ሲለወጥ አምላክ የሚለውም ወጣ፤ አሁን ባለውም የለም። አሜሪካኖቹ ኮሚኒስት ፈርተው አስገቡት፣ እኛ ጋ ኮሚኒስት መጥቶ አወጣው። እኔ ይግባ ይውጣ አልልም። ያ ጓደኛዬ የፈለገው ግን መዝሙሩ ውስጥ አልነበረም።

መምህርት ነኝ፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ያ መምህር ክፉ ሰው አይመስለኝም። በዚህ ሙቀት አንድ ሺህ ልጅ አሰልፋችሁ እዩት! አንዷ ዝም ስትል አጠገቧ ያሉት ይስቃሉ፣ ሰልፉ ይበላሻል። እሱ የታየው ሰልፉ ነው። ግን ልጅ ከሰልፍ የሚወጣው ሲያጠፋ ነው። ልጆቹ ሁሉ ያቺን ቦታ የሚያውቋት የጥፋተኛ ቦታ ብለው ነው። «ቤታችሁ እንደምትሉት በሉ» ያለውም ደግነት ነበር፤ ግን ማን የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ በማይክ አሰማው።

ሕግ አራተኛ ዓመት፦
ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሥራ ሲጀምር የሚገባው ቃል እዚያው ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል፣ ፈጣሪ የሚል የለበትም። ፕሬዚዳንቱ ያልተጠየቀውን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ትጠየቅ?

የከዚራዋ፦
ሕግህን ሰማሁ። ፈጣሪ መውጣቱ አሁንም አይዋጥልኝም። ልጆቻችን ምንም ሳይፈሩ እያደጉ ነው። የልጅቷ ነገር ግን… እሱ ላይ አልከራከርም። የኔ ልጅ ብትሆን በነጋታው ሄጄ እጮህ ነበር።

የሳቢያን አባት፦
ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። አልጮህኩም። መምህሩን ለብቻው አገኘሁት። «ፈጣሪን ባወጣ አንድ ወላጅ ይመጣብኛል፣ ብተወው አንተ መጣህ» አለኝ። አሳዘነኝ። እኔ የልጄ አፍ ላይ የፈጣሪ ስም ቢኖር ደስ ይለኛል። እዚያ ያደረገው ግን እኔ ወይም እናቷ እንጂ ማይክ የያዘ ሰው ባይሆን እመርጣለሁ። ልጅቷ ወደ ሰልፏ ተመልሳለች፣ አሁንም ዝም ትላለች፤ ማንም አልነካትም። የቃሉን ነገር ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ) ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ይነጋገርበታል ብለውኛል። የከዚራዋ፣ ልጅሽ እዚያው ነው የሚማረው፣ ነይ።

የከዚራዋ፦
እመጣለሁ። ወላሂ።